በረኪና የፈሰሰበት እንጀራ

ባለፈው ቅዳሜ ሰመራ ላይ ሰርግ ተጠርቼ ሄጄ እህል ሳልቀምስ ተመለስኩ። ልጄ ከድጃ «የሙሽራዋ እናት ስንቴ ብይ አለችሽ፣ ሰው ምን ይላል?» ብላ እስከ መግሪብ አኮረፈችኝ። ታኩርፍ። እኔ ከዚያ አዳራሽ የወጣሁት አፍንጫዬን በሻሼ ይዤ ነው። እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ብዞር ሁለት አስተናጋጆች ከየጠረጴዛው የተነሳውን ምግብ ወደ አንድ ሰማያዊ በርሜል ይገለብጣሉ፤ ያልተነካ ሩዝ፣ ሥጋው ያላለቀ የፍየል ጎድን፣ ከነጥቅሉ ያለ እንጀራ። ይሄንንስ ለምጄዋለሁ፣ የዘንድሮ ሰርግ ግማሹ የሚደገሰው ለበርሜል ነው። ከዚያ አንደኛው የበረኪና ጀሪካን አንስቶ ከላዩ ላይ አንዠቀዠቀበት። ከሽቦ አጥሩ ማዶ ሳህንና ፌስታል የያዙ ሴቶች ቆመው ያያሉ። ምን ማድረግህ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ጨዋ ነው፣ «እንዳይለምዱ ነው እማማ፤ እንዲህ ካላደረግን በሩን ያጨናንቁታል» አለኝ በትሕትና፤ ጀሪካኑን ከድኖ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ ሄደ።

ሽታው ከሻሼ አልለቅ ብሎኝ ሁለቴ አጠብኩት። ኤጭ! ሰው በእህል ላይ እንዲህ ያደርጋል? ያደርጋል እንጂ። እኔ አድርጌዋለሁ። የዛሬዎቹ ልጆች ከየት እንደተማሩት አላውቅም፤ አዋሽ ላይ ግን ከእኔ በፊት ማንም ሲያደርገው አላየሁም። ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ለዚያውም ተጨብጭቦልኝ። እስከ ዛሬ ለከድጃ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። አሁን ግን ሆዴ ውስጥ ከሚሸተኝ ላውጣው።

አዋሽ የገባሁት ከባቲ ነው፣ ገና በልጅነቴ፣ የጎሚስታ ሚስት ሆኜ። ባሌ ሰይድ፣ አላህ ይዘንለት፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ፣ መኪኖቹ ከሚደረደሩበት አስፋልት ዳር ጎማ ይለጥፍ ነበር። በቁመቱ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ነበረው፤ ውኃ ይሞላበትና የውስጥ ጎማውን እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። ያን በርሜል አትርሱብኝ፣ እመለስበታለሁ። ያኔ አዋሽ የባቡር ከተማ ነበረች። ባቡሩ ከድሬዳዋ በኩል ሲመጣ ጣቢያው ገበያ ይሆናል። የኮንትሮባንድ ሴቶቹ አምስት ስድስት ቀሚስ ደራርበው፣ በዚያ ላይ ሽርጥ ጠምጥመው፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ላባቸው እየተንጠባጠበ ወፋፍረው ይወርዱና እኔ ጓዳ ገብተው አንድ በአንድ እያወለቁ ቀጥነው ይወጣሉ። ፈታሾቹ ፊት ሲያልፉ እንዴት ኮራ ብለው እንደሚራመዱ ብታዩ! ስንቱን ሳቅን። ከእነሱ አንድ ሐምራዊ ድሪያ በአሥራ ሁለት ብር ገዝቼ ለሦስት ዒድ ለብሼዋለሁ፣ ብርሃን ሲመታው ያሳያል ብሎ ሰይድ ይቆጣ ነበር። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ የፍየል ጥብስ ብር ከሃምሳ፣ በረዶ ውስጥ የከረመ ለስላሳ ሃምሳ ሳንቲም። ጣቢያው ጥግ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ጠዋት መንዙማ፣ ከሰዓት የሱዳን ዘፈን ይለቃል፣ አርብ ቀን ብቻ ዝም ይላል። አሁን ጥጉ ላይ የሞባይል ካርድ የሚሸጥ ልጅ ጃንጥላ ተክሎ ተቀምጧል፤ ባቡሩም ሐዲዱ ላይ ዛገ።

ምግብ ቤቴ የተከፈተው ባቡሩ ማነከስ ጀምሮ መኪናው ሲበዛ ነው። ሰይድ ሰሌዳውን ቀለም ቀቢ አምጥቶ አሠራልኝ፤ በአንድ በኩል ግመል፣ በሌላው በኩል ተሳቢ ያለው መኪና፣ በመሃላቸው ዘይነባ የሚል የእኔ ስም። ግመሉ ከመኪናው ይበልጣል፤ ቀቢው ሰክሮ ነው እየተባለ ስንት ዓመት ተቀለደብኝ። ግን እወደው ነበር። ጠዋት ጠዋት በር ከመክፈቴ በፊት አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ የምጠርገው እኔው ነበርኩ።

ከጅቡቲ የሚመለሱት ሹፌሮች ሚሌን፣ ገዋኔን አልፈው ምሳቸውን እኔ ዘንድ ይበሉ ነበር። አንድ ልማድ ነበራቸው። ትሪ ሲቀርብ ከአንድ ጎን ብቻ ይበላሉ። በግድግዳው በኩል ያለውን ጎን እጃቸው አይነካውም፣ ወጥም አያስነኩትም። ጎን መተው ይሉታል። ያን ያልተነካ ጎን እኛ ጠቅለል አድርገን በጓሮ በር ሥራ ላጣ ሰው እንሰጣለን። ሌላ ቦታ ቡሌ የሚሉት ከየሳህኑ ተራርፎ የተደባለቀውን ነው፤ የእኛ ቡሌ ግን ንጹህ ነበር፣ ሰው ሳይሸማቀቅ የሚበላው። አዲስ ረዳት ሳያውቅ ያን ጎን ሊቆርስ ከሆነ ሹፌሩ እጁን ቸብ ያደርገዋል። ለምን እንደሚያደርጉት አንዱን ጠይቄው፣ ሁላችንም መጀመሪያ በጓሮ በር ነው የበላነው አለኝ።

ዙበይዳ የመጣችው ሰይድ ከሞተ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው፣ ከወንድሟ ከእንድሪስና ከአራት ያገሯ ሰዎች ጋር። ከወሎ ገጠር ተነስተው፣ በጅቡቲ አድርገው ባሕር ሊሻገሩ ነበር፤ ደላላው ሚሌ ላይ ጥሏቸው ጠፋ። ባዶ እጃቸውን አገር መግባት አፍረው ወደ እኛ መጡ። ከጓሮዬ አጠገብ ያለው የሰይድ ጎማ መለጠፊያ ክፍል ባዶውን ስለነበር እዚያ አስገባኋቸው። ወንዶቹ ጭነት ያወርዳሉ፣ ዙበይዳ ለሹፌሮች ልብስ ታጥባለች። ሥራ በጠፋ ቀን የሚበሉት የሹፌሮቹን ጎን ነበር። ዙበይዳ ረጅም፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ አንዴ ያለችውን የማትደግም ሴት ናት። እንድሪስ ሠላሳ የሞላው ሰው ሆኖ ቀልዱ አያልቅበትም፤ የሃምሳ ኪሎ ጆንያ ተሸክሞ መንዙማ ያዜማል። ጨጓራ ስለነበረበት ቃሪያ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፣ እኔ የባላባት ልጅ እያልኩ አሾፍበታለሁ። አልጫ ያለበት ትሪ ሲመለስ ጎኑን ለእሱ ብዬ አስቀር ነበር። እንዲህም ነበርኩ፣ አላህ ያውቃል።

ከዚያ ኮሮና መጣ። መጀመሪያ በሬዲዮ ሰማነው፣ ቀጥሎ የሚያመጡት ሹፌሮች ናቸው ተባለ፣ አለቀ። ትናንት ጋሼ የተባለው ሹፌር ዛሬ ከመኪናው ሲወርድ ሰው ድንጋይ ያነሳበት ጀመር። እኔ አላባረርኳቸውም፣ ምግብ ሸጥኩላቸው፤ ግን እንዴት አድርጌ! በሩ ላይ ገመድ ወጠርኩ፣ ትሪውን ከገመዱ ማዶ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ እሸሻለሁ፣ ብራቸውን ሳሙና ውኃ ውስጥ ነክሬ እንደ ካልሲ አሰጣዋለሁ። ሃያ ዓመት በስም የማውቃቸው ሰዎች መኪናቸው ሥር አቧራ ላይ ቁጭ ብለው ይበላሉ። በዚያ ሙቀት አፋችንን በጨርቅ አፍነን የራሳችንን ላብ እየላስን እንውላለን። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ተወደደ፣ ዝንጅብል ከየሱቁ ጠፋ፣ ፌጦ የሌለው ሰው የሞት ፍርዱ የተነበበለት መሰለ። አሁን ሰዎች ያን ጊዜ ሲያነሱ፣ በክርን ሰላም መባባሉንና ፌጦ መዋጡን እያወሩ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም።

ጭነት ማውረድ ቆመ፣ ልብስ የሚያሳጥብ ሹፌርም ጠፋ። ለከተማው ችግረኛ ዱቄትና ዘይት ሲታደል የሰይድ ክፍል ውስጥ ያሉት ስድስቱ ሰዎች የዚህ ከተማ መታወቂያ የላችሁም ተብለው ተመለሱ። ዙበይዳ ሦስቴ ተሰልፋ ሦስቴ ባዶ ፌስታሏን አጣጥፋ ስትመለስ አይቻለሁ። የቀራቸው የሹፌሮቹ ጎን ብቻ ነበር። እሱንም የዘጋሁት እኔ ነኝ።

አንድ ጠዋት ኮሚቴ ነን ያሉ ሰዎች መጥተው፣ ሹፌር የበላበት ትሪ ትርፍ ለማንም እንዳይሰጥ፣ እንዲቀበር ወይም እንዲቃጠል ነገሩኝ። ከማን ቤት ወጥቶ ሰው ቢበላው ያ ቤት ይታሸጋል አሉ። የአዋሽ መሬት ድንጋይ ነው፣ ማን ይቆፍራል? እንጀራም እሺ ብሎ አይነድም፣ ይጨሳል እንጂ። እኔ ብልጧ በረኪና አመጣሁ። በሽታውን ይገድላል፣ ሽታው ደግሞ ማንንም አያስጠጋም። በሳምንቱ ኮሚቴው መጥቶ አየና ተደነቀ። ባለ ምግብ ቤቶቹን ሰብስበው እንደ ዘይነባ አድርጉ አሉ፣ ተጨበጨበልኝ። አፌን በሸፈንኩበት ጨርቅ ሥር ፈገግ አልኩ። ያቺን ፈገግታ ሳስታውስ ዛሬም ፊቴን በጥፊ ባጠናግረው ደስ ይለኛል።

ሀብታሙ የሚባል የኮምቦልቻ ሹፌር ነበር፣ ሰይድ ሲሞት ከቀባሪዎቹ ጋር ቃሬዛ የተሸከመ ሰው። አንድ ቀን ትሪውን ይዞ እስከ ገመዱ መጣ። ግማሹ እንዳለ ነው። «ዘይነባ፣ ጎኑን አልነካሁትም። በማንኪያ ነው የበላሁት። ለእነእንድሪስ ስጪልኝ» አለ። ዓይኑ እያየ በረኪናውን አፈሰስኩበት፣ ከሚበቃውም በላይ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እልህ ያዘኝ። ሀብታሙ ትሪውን አፍጥጦ አይቶት፣ እጁን ሳይታጠብ መኪናው ላይ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ቤት ቆሞ አያውቅም። ሌሎቹ ግን በረኪናውን እያዩም ጎን መተዋቸውን አልተዉም፣ እጃቸው ለምዶታላ።

በዚያው ሰሞን ዙበይዳ ቡሌ መጠየቅ ተወች። ሊያሳስበኝ ሲገባ እፎይ አልኩ። ጓሮ የምደፋው እንጀራ ሲያድር እንደሚያንስም አይቻለሁ፤ ውሻ ነው አልኩ። ውሻ በረኪና እንደማይበላ አውቃለሁ። አንድ ቀን ዙህር ሰግጄ ብወጣ የሰይድ ክፍል ቆርቆሮ ላይ ነጫጭ ቁርጥራጭ ተሰጥቷል። ጠጋ አልኩ፤ ድርቆሽ ነው። ሰይድ ከሞተ ጀምሮ ደርቆ የከረመው በርሜልም ውኃ ሞልቶ እንጀራ ተነክሮበታል፣ ዳር ዳሩ ላይ አረፋ ይዟል። ያኔ ገባኝ። እንጀራውን ሦስት ውኃ ያጥቡታል፣ ይጨምቁታል፣ ቆርቆሮ ላይ ያደርቁታል፣ ከዚያ አፍልተው ይበሉታል። ዙበይዳ ልብስ አጣቢ ናት፤ በረኪና የገባ ነጭ ልብስ ታጥቦ ፀሐይ ሲመታው ሽታው እንደሚለቅ ስታየው ኖራለች። ከልብስ የለቀቀ ከእንጀራ እንደማይለቅ ማን ነገራት? መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። አሥር እርምጃ ብራመድ ይበቃ ነበር። ተዉት፣ ከመሶቤ ሁለት እንጀራ እሰጣችኋለሁ ብል ምን ይጎድልብኝ ነበር? ግን አየሁ ካልኩ አውቄያለሁ ማለት ነው፣ ካወቅሁ ቤቱ ይታሸጋል። ዓይኔን መልሼ ገባሁና ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ።

እንድሪስ ሳምንት ሳይሞላ ታመመ። ሌሎቹን ቁርጠት ይዞ ለቀቃቸው፤ የእሱ ጨጓራ ግን ድሮም ቁስል ነው። ያስመልሰው ጀመር፣ ባስመለሰው ቁጥር ጉሮሮው እየተላጠ ያስለው ጀመር። ጉድ ያመጣው ሳሉ ነው። ሰው በረሃብ አንጀቱ ሲታጠፍ ያልሰማ ጎረቤት ሳሉን ሰማ፣ ተደወለ፣ ነጭ ላስቲክ የለበሱ ሰዎች መጡ። ሰፈርተኛው በየደጁ ቆሞ አፍንጫውን ይዞ ያያል። ልብ በሉ፣ ያ ሰው ለሁሉም ቤት ጆንያ ያወረደ ነው። ከመጡት ውስጥ አንዲት ዓይኗ ብቻ የሚታይ የጤና ባለሙያ ነገሩ አልዋጥላት ብሎ ወደ ገመዴ መጣች።

«እናቴ፣ ሳሉ ከሆዱ የተነሳ ነው የሚመስለኝ። ምን እንደበላ ያውቃሉ? ካወቅሁ እዚሁ ሊታከም ይችላል።»

«አላውቅም» አልኩ።

«የሚበሉት ከእርስዎ ቤት ነው ይባላል።»

«ድሮ ነበር። አሁን አላውቅም።»

የበረኪናው ጀሪካን እግሬ ሥር ነበር። ዝቅ ብላ ብታይ ታየው ነበር፣ አላየችም፤ ወረቀቷ ላይ ጽፋ ሄደች። እንድሪስ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መኪናው ሲሄድ እኔ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። «እትየ ዘይነባ፣ አልጫ ያለበት ሲመጣ እንዳይረሱኝ» አለ። ሊያስቀኝ ነው። ወደ ሰመራ፣ ማቆያ ወሰዱት። እዚያ የእውነት የያዛቸው ነበሩ፣ ከእነሱ ጋር አንድ ክፍል ገባ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሞተ ተብሎ ተደወለ። በረኪናው ይሁን የገደለው፣ እዚያ የያዘው በሽታ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። በየትኛውም ብሄድ መንገዱ የሚነሳው ከእኔ ገመድ ነው። ዙበይዳን መንገድ ዝግ ነው ብለው ቀብሩ ላይ አላስደረሷትም።

ጓዟን ጠቅልላ የሄደች ዕለት ጓዳ ገብቼ ተደበቅሁ። ሰላም ለማለት በሩን ሁለቴ አንኳኳች፣ ትንፋሼን ዋጥኩ። ቤቴ ሳይታሸግ ቀረ፣ ሰሌዳዬም ሳይወርድ። ኮሮናው ሲያልፍ ሹፌሮቹ ተመለሱ፣ ወንበሩ ወጣ፣ ገመዱ ተፈታ፤ እኔ ግን ትሪ ባነሳሁ ቁጥር አፍንጫዬ ውስጥ በረኪና ይገባል። ዓመት ሳይሞላ ምግብ ቤቱን ሸጥኩትና ልጄ ሰመራ ወሰደችኝ። የገዛው ሰው ሰሌዳውን አውርዶ የፍየል በረት በር አደረገው አሉኝ። ግመሉ ተዘቅዝቆ ቆሟል፣ ፍየሎቹ ይታከኩበታል። ለእሱ ነበር ያ ሁሉ።

ዙበይዳ ሎግያ ላይ ምግብ ቤት እንደከፈተች ከሹፌሮች ከሰማሁ ከዓመት በላይ ሆኖኛል። ከሰመራ ሎግያ በባጃጅ ምን አላት? አንድም ቀን አልሄድኩም። የሰርጉ ማግስት ግን ያ ሽታ እንቅልፍ ስለነሳኝ ለከድጃ ገበያ ነው ብዬ ወጣሁ። ቤቷ አራት ጠረጴዛ፣ የላስቲክ ወንበር፣ ውኃ ሰማያዊ የተቀባ ግድግዳ ነው። ሰሌዳ የለውም። ዙበይዳ ወፈር ብላለች፣ ፍንጭቷ ያው ነው። ስታየኝ አልደነገጠችም። ሰላም አለችኝ፣ ወንበር ሳበችልኝ፣ ሳልጠይቃት ትሪ አመጣች። አልጫ ነበር።

እጄን ልሰድ አልቻልኩም። ቁጭ በይልኝ አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት። በርሜሉን እንዳየሁ፣ ድርቆሹን እንዳወቅሁ፣ ያቺ የጤና ልጅ ስትጠይቀኝ አላውቅም እንዳልኩ። አፉ በይኝ ማለት አልደፈርኩም። ዙበይዳ ጠረጴዛውን በጨርቅ እየጠረገች ሰማችኝ፤ የጠረገችውን መልሳ ጠረገችው።

«ልጅቷ መጀመሪያ የጠየቀችው እኔን ነው» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት።

«አላውቅም አልኳት። ካወቁ ያቃጥሉታል። እንጀራው ከተቃጠለ አምስታችን ምን እንበላለን? እንድሪስም ከክፍሉ በር ላይ ሆኖ በዓይኑ እንዳትናገሪ አለኝ።» ጨርቁን አጣጠፈችው። «እርስዎን ስትጠይቅ ሰምቻለሁ። ይናገሩ ይሆን ብዬ ጠብቄ ነበር።»

ያረቢ! ይህን ሁሉ ዓመት ያን ቃል ብቻዬን ያልኩት መስሎኝ ነበር። ሁለታችንም ብለነዋል። እሷ ያለችው ለአምስት ሰው ራት ነው፣ ለዚያውም ከበረኪና ታጥቦ ለደረቀ ራት። እኔ ያልኩት ለግመልና ለመኪና ሥዕል ነው። እሷ ተርባ ነው ያለችው፣ እኔ ጠግቤ። ራሴን ተጸየፍኩት፣ እንደዚያ ቀን ተጸይፌው አላውቅም።

እንዳይከፋት ብዬ ቆረስኩ። ስበላ ቆይቼ እጄን ስሰበስብ፣ ሳላስበው ከአንድ ጎን ብቻ በልቻለሁ፤ በግድግዳው በኩል ያለው እንዳለ ነው። የሹፌሮቹ ልማድ ተጋብቶብኝ ኖሯል። ዙበይዳ ትሪውን አየችና ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ይጨርሱት» አለች። «እዚህ ቤት ትራፊ ለሰው አይሰጥም።»

በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ ጫማቸው ያለቀ፣ አቧራ የለበሱ ሦስት መንገደኞች አንድ ሙሉ ትሪ ከበው ይበሉ ነበር። ሲገቡ አይቻቸዋለሁ፤ ሒሳብ የጠየቃቸው የለም። ወደ ትሪዬ ተመለስኩ። እያንዳንዱ ጉርሻ በረኪና በረኪና እየሸተተኝ እስከ መጨረሻው ቁራሽ ጨረስኩት።